ለሁለት ዘንግ አንድ ክር ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የገላን ነዋሪና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሚኔሶታ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ልኮልን ነበር። ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ) ከሥር የሚንጠለጠለውን፣ ስፒኒንግ የሚባለውን፣ የ14 ዓመት ልጄ ወስዶታል፤ ሪሉ ከላይ የሚቀመጠው ካስቲንግ ደግሞ የእኔ ሆኗል። እስካሁን ከመርካቶ በገዛነው የናይለን ክር ቢሾፍቱና ቆቃ እየወረድን ስንሞክር ከረምን፤ ክሩ ግን እንደ ሞላ እየተጠመዘዘ አስመረረን። አሁን ወንድሜ ለገና ሲመጣ የተጎነጎነውን ክር ሊያመጣልን ነው። እኔ ከመጣ አይቀር ጠንካራው ይምጣ ብዬ ባለ 80 ፓውንዱን 300 ሜትር አንድ ጥቅል ገዝቶ ለሁለታችን እንድንካፈለው አስቤአለሁ። እሱ ግን አንድ ዓይነት ክር ለሁለቱም አይሆንም ብሎ ተከራከረኝ። በስፒኒንጉ ማጠንጠኛ ላይ 0.25/160፣ በካስቲንጉ ላይ 0.32/120 የሚል ተጽፏል። የማናችን ሐሳብ ነው ትክክል? የተረፈን ናይለንስ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» (መምህሩ፣ ከገላን)

መልስ፦

ውድ መምህር፤

ወንድምዎ ልክ ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ የተሳሳቱት ብዙዎቻችን በተሳሳትንበት ቦታ ነው። ክር ስንገዛ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ጥንካሬውን በሚናገረው ቁጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ግን ውፍረቱ ሲሆን፣ ውፍረቱን በዋናነት የሚወስነው ደግሞ ክሩ የሚጠነጠንበት ሪል ነው። ስለዚህ ሻንጣው ሳይዘጋ ለወንድምዎ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ ለልጁ ስፒኒንግ ባለ ስምንት ፈትል፣ 15 ፓውንድ፣ ውፍረቱ 0.19 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ 150 ሜትር፤ ለእርስዎ ካስቲንግ 40 ፓውንድ፣ ውፍረቱ 0.32 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሌላ 150 ሜትር። መምህር ነዎትና ምክንያቱ ያልተነገረ መልስ እንደማያረካዎት እገምታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ 80 ፓውንዱ። ይህ ቁጥር ክሩ የሚበጠሰው ከ36 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ሲጎተት መሆኑን ይናገራል። እጅዎ ላይ ያለው ዘንግ ግን የዚህን ሲሶ ጉልበት እንኳ ሳይሸከም አስቀድሞ የሚሰበር ነው፤ መንጠቆውም ቢሆን ተዘርግቶ ይከፈታል። ከዚህም ሌላ ዓሣ እንደ ሸቀጥ በክር ተንጠልጥሎ የሚነሣ ነገር አይደለም። ሪሉ ፍሬን አለው፤ ፍሬኑ በልክ ከተስተካከለ ዓሣው ሲጎትት ክሩን እያጉረመረመ ይለቅለታል፣ ዓሣው ሲደክም ደግሞ መልሰው ይጠቀልሉታል። ቆቃ ውስጥ ከአሥር ኪሎ የሚያልፍ አምባዛ ሊገጥምዎ ቢችል እንኳ በ15 ፓውንድ ክር፣ ማለትም 6.8 ኪሎ ግራም በሚሸከም ክር፣ ታግሦ የያዘው ሰው ያወጣዋል። ቆሮሶማ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ የማይዘል ስለሆነ የጥንካሬ ክርክር ውስጥ የሚገባ አይደለም።

አሁን በማጠንጠኛው ላይ የጻፉልኝን ቁጥር እንጠቀምበት። 0.25/160 ማለት ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 160 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ክር በማጠንጠኛ ላይ የሚይዘው ቦታ ከውፍረቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ስሌቱ ለተማሪዎችዎም የሚሰጥ ዓይነት ነው። ባለ 80 ፓውንዱ ጉንጉን ክር አብዛኛውን ጊዜ 0.43 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 0.25ን ለ0.43 አካፍለን፣ ውጤቱን በራሱ አባዝተን፣ በ160 ብናበዛው 54 ሜትር ብቻ ይወጣል። በሌላ አነጋገር ከዚያ ካሰቡት የ150 ሜትር ድርሻ ውስጥ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋው ልጁ ማጠንጠኛ ላይ ቦታ አጥቶ ይቀራል። በ0.19 ብናሰላው ግን ያው ማጠንጠኛ 277 ሜትር ይይዛል። እዚህ ላይ የጠፋ ጥንካሬ ቢኖር በፍጹም የማይፈለገው ነው።

ወፍራሙን ክር ስፒኒንጉ ላይ ያለ ቦታው የሚያደርገው ግን የመያዝ አቅሙ ብቻ አይደለም። በስፒኒንግ ሪል ሲወረወር ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ በከንፈሩ ላይ እየተተረተረ ስለሚወጣ፣ ከዚያም በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚያልፍ፣ ወፍራም ክር በየቀለበቱ እየተፋተገ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውም ነፋስ ወፍራሙን ክር እንደ ሸራ ወጥሮ ወደ ጎን ይወስደዋል። ልጅዎ አሥር ግራም የምትመዝን ማባበያ (ዓሣ ማታለያ) በ80 ፓውንድ ክር ቢወረውር እግሩ ሥር ነው የምትወድቅበት፤ ጥፋቱም የክንዱ ሳይሆን የክሩ ይሆናል።

ታዲያ ቀጭኑ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ለሁለቱም 15 ፓውንዱን አንገዛም? ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በካስቲንግ ሪል ማጠንጠኛው ራሱ ነው የሚሽከረከረው፤ ክሩ ከልቃቂት እንደሚፈታ ፈትል በቀጥታ እየተሳበ ይወጣል። ክሩ በጣም ቀጭን ሲሆን፣ ዓሣ ወይም ሥር ይዞ በኃይል በሚጎትትበት ጊዜ፣ የላይኛው ዙር ከታቹ ዙሮች መካከል እንደ ቢላ ሰንጥቆ ይገባና ይቀበራል። ያን ጊዜ ምንም አይታይም፤ ጉዱ የሚገለጠው በሚቀጥለው ውርወራ ላይ ነው። ማጠንጠኛው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ የተቀበረው ቦታ ላይ ሲደርስ ክሩ በድንገት ያዝ ያደርጋል፤ ማባበያው ወይ ተበጥሶ ብቻውን ወደ ሐይቁ ይበራል፣ ወይም ማጠንጠኛው ክሩን ቀድሞ እየዞረ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ያሳቅፍዎታል። እኔ ራሴ ካስቲንግ ሪል በጀመርኩበት ሰሞን በስስት ተነሣሥቼ 10 ፓውንድ ክር ጠንጥኜበት፣ ቆቃ ዳር ግማሽ ቀን ሙሉ በመርፌ ጫፍ ዙር ስፈታ ውዬ፣ በመጨረሻ በመቀስ ቆርጬው ተመልሻለሁ። አጠገቤ መረብ ይጠግን የነበረ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ዘንጉን ከእጄ ተቀብለው ክሩን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይህ እኮ የስፌት ክር ነው» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ በካስቲንግ ሪል ላይ ከ30 ፓውንድ በታች ጠንጥኜ አላውቅም።

ለእርስዎ 40ውን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው 0.32 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ማጠንጠኛዎ ላይ ከተጻፈው ጋር ስለሚገጥም ነው፤ 120 ሜትር ገደማ ይገባል፤ የተረፈው ሠላሳ ሜትር ደግሞ ጫፉ እየተቆረጠ ሲያጥር መተኪያ ይሆናል። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ቆቃ ላይ ነፋስ እምቦጩን ወደ ዳር ሲሰበስበው ዓሣው ከሥሩ ይገባል፤ ቀጭን ክር በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ሲቀር 40 ፓውንዱ ግን ቅጠሉን እየቆረጠ ይመጣል። የሚያዘወትሩት እምቦጭ የበዛበትን ዳር ብቻ ከሆነ 50 ፓውንድ ቢያደርጉት አልቃወምም። ከዚያ በላይ መሄድ ግን ክር ማባከን ነው።

ስለ ክሩ ምንነት ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ጠባዩን ያላወቀ ሰው እንደ ናይለን ይይዘውና ይጎዳል። ጉንጉን ክር የሚሠራው እጅግ ረጃጅም ሞለኪውል ካለው ፖሊኢቲሊን ነው፤ ቤታችን ካለው የውኃ ጀሪካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳይኒማ ወይም ስፔክትራ የሚል ጽሑፍ በማሸጊያው ላይ ካዩ የዚሁ ጭረት የንግድ ስሞች ናቸው። ጭረቱ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ውኃ ስለማይጠጣም እንደ ናይለን በርጥበት አይደክምም። ናይለን ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊለጠጥ ሲችል ይህኛው ከ5 በመቶ እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ሠላሳ ሜትር ርቆ ማባበያውን አንድ ቆሮሶ ቢነካው ጣትዎ ላይ ወዲያው ይሰማል። ያስመረራችሁ የሞላ ጠባይም የለበትም። ድክመቱ ሙቀት ነው፤ ከ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ሰበቃ ደግሞ ሙቀት ነውና ቋጠሮ በደረቁ ሲጠብቅ እዚያው ተቃጥሎ ይደክማል። ምራቅ ወይም ውኃ ነካ አድርጎ ማጥበቅ ልማድ ይሁንባችሁ።

ፈትሉ አራት ይሁን ስምንት የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስለኛል። ሹሩባን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በብዙ ቀጫጭን ፈትል የተጎነጎነው ለስላሳና ድቡልቡል ሲሆን በጥቂት ወፋፍራም የተጎነጎነው ሻካራ ነው። ስምንቱ በቀለበት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚያልፍና ራቅ ብሎ ስለሚወረወር ለስፒኒንጉ ይሻላል። አራቱ ርካሽ ነው፤ እያንዳንዱ ፈትሉ ወፈር ስለሚልም ድንጋይና እምቦጭ ሲፍቀው ቶሎ አይበጣጠስም፤ ለእርስዎ ካስቲንግ በቂ ነው። አሥራ ሁለትና አሥራ ስድስት ፈትል የሚባሉት ላይ ወንድምዎ ገንዘቡን ባያጠፋ ደስ ይለኛል።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መለኪያ ሦስት ዓይነት ስለሆነ እንዳያደናግራችሁ። አሜሪካኖቹ በፓውንድ ይጽፋሉ፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ነው። ጃፓኖቹ ፒ.ኢ. የሚል ምልክት ከቁጥር ጋር ያደርጋሉ፤ እሱ የውፍረት መለኪያ ሲሆን ፒ.ኢ. 1 ወደ 0.165 ሚሊ ሜትር፣ ፒ.ኢ. 2 ወደ 0.235፣ ፒ.ኢ. 4 ወደ 0.33 ሚሊ ሜትር ነው። ሌሎቹ በቀጥታ በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚዋሸው ጥንካሬውም ውፍረቱም ነው፤ በተለይ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ክር 0.10 ሚሊ ሜትር እየተባለ ሁለት እጥፍ ወፍሮ ሲገኝ አይቻለሁ። ይህን ቤት ውስጥ ማጣራት ይቻላል፦ ክሩን እርሳስ ላይ፣ ዙሮቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ተጠጋግተው እንዲቀመጡ አድርገው 50 ጊዜ ይጠምጥሙና የያዘውን ርዝመት በማስመሪያ ይለኩ። አሥር ሚሊ ሜትር ከሆነ ክሩ 0.20 ነው። ጉንጉን ክር ሲወጠር ትንሽ ጠፍጠፍ ስለሚል ውጤቱ ግምት ነው፤ ውሸትን ለማጋለጥ ግን ይበቃል።

ጥንካሬውን ለመፈተን የእኔ ቤት ዘዴ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም፤ ባዶው ጀሪካን አንድ ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን ብቻ ይደምሩ። የክሩን አንድ ጫፍ በቁልፍ ቀለበት ላይ ይቋጥሩና ቀለበቱን በወፍራም ገመድ ከጀሪካኑ እጀታ ጋር ይሰሩ። ሌላውን ጫፍ ጨርቅ በተጠቀለለበት የመጥረጊያ እንጨት ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥመው ያስሩት። ከዚያ አራት ሊትር ጨምረው፣ እንጨቱን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ጀሪካኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ቀስ ብለው ያንሡ፤ ካልተበጠሰ አንድ አንድ ሊትር እየጨመሩ ይቀጥሉ። ባለ 15 ፓውንዱ ክር በጥሩ ቋጠሮ አምስትና ስድስት ሊትር ላይ ካልከዳዎ ለማሸጊያው ቃል የቀረበ ነው፤ ሦስት ሊትር ላይ ከተበጠሰ ግን ተታለዋል። እግርዎን ከጀሪካኑ ሥር አያስገቡ፤ ልጁም ፊቱን ክሩ አጠገብ አያስጠጋ፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል።

ይህ ፈተና ከክሩ ይልቅ ስለ ቋጠሮው የሚያስተምረው ይበልጣል። ናይለን ላይ የለመድነውን ቋጠሮ፣ ማለትም ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዞ መልሶ የሚያስገባውን፣ በጉንጉን ክር ላይ ሞክረው ጀሪካኑን ቢያነሡ ክሩ ሳይበጠስ ቋጠሮው ራሱ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ጫፉ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል እዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያበረው ድር ለስላሳ ስለሆነ ቋጠሮ አይዝለትም። በእሱ ፈንታ ፓሎማር የሚባለውን ይልመዱ፦ ክሩን አጥፈው እጥፉን በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፤ በእጥፉ ተራ ቋጠሮ አንድ ጊዜ ላላ አድርገው ይሥሩ፤ መንጠቆውን በሙሉ በቀረው የእጥፍ ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፉ፤ አርጥበው በዝግታ ያጥብቁ። ጀሪካኑ ልዩነቱን ያሳያችኋል፤ ልጅዎም ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ጀሪካኑን ያምናል።

ክሩ ሲመጣ በቀጥታ ባዶው ማጠንጠኛ ላይ እንዳትጠነጥኑት። ናይለን ብረቱን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጉንጉን ክር ግን ስለሚያንሸራትት የተጠነጠነው በሙሉ እንደ ላላ ቀለበት ማጠንጠኛው ላይ ይዞራል። ይህ የደረሰብኝ ቀን የሪሉ ፍሬን የተበላሸ መስሎኝ ሐይቅ ዳር ፈታትቼ፣ አንዲት ትንሽ ሞላ ሣር ውስጥ ጠፍታብኝ፣ ሪሉን በመሀረብ ቋጥሬ ነበር ወደ አቃቂ የተመለስኩት፤ ፍሬኑ ግን አንዳች አልነበረበትም። መፍትሔው ከሥር ጥቂት ናይለን ማስቀደም ነው። ለካስቲንግዎ አሥር ሜትር ይበቃል። ለልጁ ስፒኒንግ ስሌቱን ከላይ ባለው መንገድ ስንሠራው 150 ሜትር የ0.19 ክር ከገባ በኋላ ሰባ ሜትር ገደማ የ0.25 ናይለን የሚይዝ ቦታ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሰባውን ሜትር አስቀድመው ከጠነጠኑ በኋላ ጉንጉኑን ከእሱ ጋር ቀጥለው ይሙሉት። ከማጠንጠኛው ከንፈር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ያቁሙ። ናይለን በእጅዎ ከሌለ አንድ ዙር ናስትሮ ብረቱ ላይ መለጠፍም ይሠራል፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ማጠንጠኛው ጎድሎ ስለሚወረውር አልመርጠውም።

ሲጠነጥኑ አንደኛው ሰው ጥቅሉን በእርሳስ ላይ ሰክቶ ይያዝ፤ ሌላው ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ቆንጠጥ አድርጎ እየወጠረ ይጠቅልል። ላላ ብሎ የተጠነጠነ ጉንጉን ክር በስፒኒንጉ ላይ በአንድ ውርወራ አሥር ዙር ተያይዞ ይወጣል፤ በካስቲንጉ ላይ ደግሞ ቀደም ሲል የነገርኩዎትን መቀበር ያመጣል። ልጁ አንድ ልማድ እንዲይዝ እለምናለሁ፦ ከወረወረ በኋላ ክሩን ወደ ማጠንጠኛው የሚመራውን የሽቦ ቅስት በሪሉ እጀታ ሳይሆን በእጁ ይመልሰው፤ ከዚያም የላላውን ክር በጣቱ ሳብ አድርጎ ወጥሮ ይጀምር። ከሚገጥመው ውትብትብ አብዛኛው በዚህ ብቻ ይቀራል።

ፍሬኑን ለማስተካከል አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ በክሩ ጫፍ አንጠልጥሉ፤ የልጁ ፍሬን ፕላስቲኩን ይዞ ቆሞ ትንሽ ሲነቀነቅ የሚለቅ ከሆነ ልኩ ነው። በእርስዎ ካስቲንግ ላይ ሦስት ሊትር ያህል ይሁን። ልኩ የሚወጣው ከጠቅላላው ውስጥ ደካማ ከሆነው ክፍል ነው፤ ደካማው ደግሞ ጉንጉኑ አይሆንም። ይህን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ስለ ቀለም አትጨነቁ። የቆቃ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የደፈረሰ ስለሆነ ክሩ ቢጫ ሆነ አረንጓዴ ዓሣው ግድ የለውም፤ ለጀማሪ ደግሞ የሚታይ ክር ይጠቅማል፤ ለልጁ ቢጫ ይሁንለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ቢለቅም ክሩ ደከመ ማለት አይደለም። መቀየሪያው የሚታወቀው በጣት ሲዳሰስ እንደ ጥጥ ጸጉር ሲያወጣ ነው፤ ያን ጊዜም ጸጉር ያወጣው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሠላሳ ሜትር ስለሆነ ክሩን ገልብጦ የውስጡን ወደ ውጭ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጽፍ አላልፍም። ማባበያው ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዝ ክሩን በእጅ ጠምጥሞ መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ 0.19 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይለጠጥ ክር ጣትን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የተጠረበ እንጨት ይዘው ይሂዱ፤ ክሩን እንጨቱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥመው፣ ዘንጉን አጋድመው፣ በቀጥታ ወደ ኋላ እየሄዱ ይሳቡ። ቆቃ ላይ ጉማሬና አዞ ስላሉም ማባበያ ለማስለቀቅ ብሎ ውኃ ውስጥ መግባት የሚያዋጣ ሥራ አይደለም። የተቆረጠውን ክር ደግሞ ዳር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ አይበሰብስም፤ አባ ኮዳና ሌሎች ወፎች እግራቸው ተጠፍሮበት ይቀራሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የዘንጎቹን ቀለበቶችም በጥጥ ቁራጭ ወልውሏቸው፤ ጥጡን የሚይዝ ስንጥቅ ካለ ክሩንም ይልጠዋል።

የተረፋችሁን ናይለን በተመለከተ፣ እባክዎ አይጣሉት። ግማሹ ከላይ እንደነገርኩዎት ከሥር ይገባል። የቀረው ደግሞ ከፊት ያስፈልጋል፤ ጉንጉን ክር ሲወጠር በድንጋይ ስለት ላይ በቀላሉ ስለሚቆረጥ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ፣ በመንጠቆውና በጉንጉኑ መካከል አንድ ሜትር ናይለን መግባት አለበት። ለልጁ ባለ 10 ፓውንድ፣ ለእርስዎ ከ25 ፓውንድ ያላነሰ ይሁን፤ የፍሬኑን ልክ ያወጣሁትም ከእነዚህ ነው። ዋጋው ከፍ የሚለው ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይታይ ይመረጣል፤ በደፈረሰ ውኃ ግን ለዚህ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ አይታየኝም። ሁለቱን ክሮች ለማያያዝ ጫፎቻቸውን ጎን ለጎን አስተኝተው፣ በጉንጉኑ ጫፍ ቀለበት ሠርተው በውስጡ በናይለኑ ላይ ስምንት ጊዜ፣ በናይለኑ ጫፍ ደግሞ በተመሳሳይ በጉንጉኑ ላይ አምስት ጊዜ ጠምዝዘው፣ ሁለቱንም ካረጠቡ በኋላ እየተሳሳቡ እንዲገናኙ ያድርጉ። ትርፉን በሹል መቀስ ይቁረጡት፤ የጥፍር መቁረጫ ናይለኑን ይቆርጣል፤ ጉንጉኑን ግን አላምጦ ይተወዋል።